ለሁለት ዓመት ኬንያ ለአገልግሎት ልላክ ነው፤ ማክሰኞ ከሰዓት ምን ትሠሩ ነበር?

የጦሳ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሰኞ ገበያ አካባቢ ተወልጄ ያደግሁ። 23 ዓመቴ ነው። የማገለግልባት ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ዓመት ወደ ኬንያ ልትልከኝ ወስናለች። ናይሮቢ አይደለም። ባሕሩ ዳር፣ ኪሊፊ ካውንቲ የሚባል አገር፣ ያውም ገጠር ውስጥ። ጉዞው ከፋሲካ በኋላ ነው ተብሏል።

ደስ ብሎኛል። ግን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። ከውጭ አገልግሎት የተመለሱ ሰዎች መድረክ ላይ ሲመሰክሩ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ወይ ተአምር ነው፣ ወይ መከራ ነው። ወይ መንደሩ በሙሉ አለቀሰ፣ ወይ እባብ ሊነድፋቸው ነበር። አንድም ቀን «ማክሰኞ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሄን እሠራ ነበር» ያለ ሰው አልሰማሁም። እኔ ደግሞ የምፈራው እባቡን አይደለም፤ ማክሰኞን ነው። ቋንቋ አልችል፣ የማውቀው ሰው የለ፣ ቁጭ ብዬ ምን ልሆን ነው?

የቤተሰቤ ነገር ደግሞ የወሎ ነገር ነው፤ ታውቁታላችሁ። አባቴ ኦርቶዶክስ ነው። የእናቴ እናት፣ አያቴ፣ ሙስሊም ናት። እናቴና እኔ ጴንጤ ነን። ለአያቴ ስነግራት ፍንጃሏን እንደያዘች «ሰው አገር ሄደህ ሰው ልታስተምር? ካልሲህን የት እንደጣልከው ሳታውቅ?» ብላ ሳቀች። ስቃ ስቃ ስትጨርስ እጇን ዘርግታ ዱአ አደረገችልኝ። አባቴ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አለ። በአራተኛው ቀን «ወባ አለ ይባላል» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

እባካችሁ፣ የሄዳችሁ ካላችሁ ተራውን ቀን ንገሩኝ። ስንት ሰዓት ትነሣላችሁ? ማን ያበስላል? ገንዘብ እንዴት ይደርሳችኋል? ቋንቋው እስኪገባችሁ ድረስስ ምን ስትሠሩ ነበር?

---

የቧንቧ ውሃው

ወንድሜ ቅር አይበልህ፤ እምነትህን አልነካም። ግን እዚሁ ወሎ ስንት ሥራ እያለ ኬንያ ድረስ ምን አስኬደህ? በ2014 ጦርነቱ ሲቃረብ ደሴ ውስጥ ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ በተፈናቃይ ሞልተው ነበር። ያኔ አንተም እንጀራ ስታድል ከነበሩት አንዱ ትሆናለህ። ለዚያ ፓስፖርት የጠየቀህ አልነበረም። ኬንያውያን ደግሞ ከኛ በላይ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰዎች ናቸው ሲባል ነው የምሰማው። ማንን ልታስተምር ነው? እንዲያው ጥያቄ ነው፤ ሄደህ ተመለስ፣ በሰላም።

---

ሐይቅ ዳር

የጦሳ ልጅ፣ «ማክሰኞን ነው የምፈራው» ያልከው አሳቀኝ፤ ትንሽም ሆዴን አባባው። እኔ ከ2009 እስከ 2011 ዓ.ም. እዚያው ነበርኩ። ከሞምባሳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከራባይ ብዙ የማይርቅ መንደር። ስሄድ 24 ዓመቴ ነበር። አሁን ሐይቅ ነው ያለሁት፤ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። እስቲ ማክሰኞህን ልንገርህ።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ትነሣለህ። «በኛ ነው በነሱ?» ብለህ እንዳትጨነቅ፤ የነሱም ያው ነው! ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። «ሳአ ሞጃ» ሲሉህ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ነው። አብራኝ የነበረች አውሮፓዊት በጎ ፈቃደኛ ነበረች። ጠዋት ለአራት ሰዓት ይቀጥሯታል፤ እሷ በኛ አሥር ሰዓት ላይ ትመጣለች። ስብሰባው አልቆ፣ ሻዩ ተጠጥቶ፣ ሰው ተበትኖ። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሰዓቱ ነበርኩ። በቋንቋ ማፈሬን ትንሽ ያካካሰልኝ እሱ ነው።

ከዚያ ውሃ። ቦኖው ከቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። 20 ሊትር ጀሪካን። እነሱ በራሳቸው ነው የሚሸከሙት፣ እጃቸውን ለቀው፣ እየተጨዋወቱ። እኔ በገመድ አስሬ በጀርባዬ አዘልኩት፣ እናቴ እንስራ እንደምታዝለው። የመንደሩ ሕፃናት ጨዋታ አቁመው ተከተሉኝ። ለሳምንት ያህል መንደሩ ውስጥ የምታወቀው «ጀሪካን የምታዝለዋ» እየተባልኩ ነው። አንተ ወንድ ስለሆንክ ውሃ ስትቀዳ የባሰ ይስቁብሃል። ይሁን፣ ቅዳ።

ከቁርስ በኋላ ቋንቋ ነው። ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ጡረታ ከወጡ አስተማሪ ጋር። ወሎዬ መሆንህ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል። ዱአ ዱአ ነው። ዱንያ «ዱኒያ» ነው። ደቂቃ «ዳኪካ»፣ ስኳር «ሱካሪ»። የሦስተኛው ቡና በረካ «ባራካ» ነው፤ በረከት ማለት። ከዓረብኛ በባሕር ወደነሱ፣ በየብስ ወደኛ የመጣ ቃል መንገድ ላይ ይገናኛል። ያ ያጽናናሃል።

ቀጥሎ ደግሞ የሚያሳብዱህ ቃላት አሉ። አንደኛ፣ ሰው ሁሉ «ካካ» ይልሃል። ወንድሜ ማለታቸው ነው፤ እንዳትስቅ። እኔ «ዳዳ» ነበርኩ፣ እህት፣ ተመስገን። ሁለተኛ፣ በሁለተኛው ሳምንቴ የማርፍባት ቤት እናት ከማድ ቤት «ሞቶ! ሞቶ!» እያለች ስትጮህ ሰማሁ። ማን ሞተ ብዬ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሮጥኩ። ለካ የጋለ ድስት ይዛ እየወጣች ነው፤ ሞቶ ማለት እሳት፣ ትኩስ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጠላዬን ስታይ ሞቶ እያለች ትስቅብኝ ነበር። ሦስተኛው «ባዶ» ነው። ምግብ ደረሰ ወይ ስትል «ባዶ» ይሉሃል። እኔ የለም፣ አልቋል መስሎኝ ጾሜን ለመዋል ተዘጋጅቼ አውቃለሁ። ባዶ ማለት «ገና ነው» ማለት ነው። ይሄን ያዘው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ምሳ ኡጋሊ ነው። ገንፎ በለው፣ ቅቤውና በርበሬው መንገድ ላይ የቀረበት ገንፎ። ከጎኑ ሱኩማ ዊኪ፣ ማለትም ጎመን። ስሙ ሲተረጎም «ሳምንቱን ግፋው» ነው። እውነትም ያስገፋል።

እንግዲህ ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ። የጠየቅኸው ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮኮናት እፍቅ ነበር።

አልቀለድኩም። መጀመሪያ ላይ ከሰዓት በኋላ ሥራ አልነበረኝም። የላከኝ ክፍል የሰጠኝ ወረቀት ላይ «የቤት ለቤት ጉብኝት» ይላል። ቋንቋ ሳልችል ሰው ቤት ገብቼ ምን ልላቸው ነው? ክፍሌ ተቀምጬ መጽሐፍ ቅዱስ አነባለሁ፣ ላብ ጠብ ይላል፣ ትንሽ አለቅሳለሁ። ማማ፣ የቤቷን እናት ሁሉም እንደዚያ ነው የሚላት፣ ሁለት ቀን አየችኝ። በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ቆማ አንድ ዶማ ዘረጋችልኝ። እዚያ አገር ተረት አላቸው፤ «ምጌኒ ሲኩ ምቢሊ፣ ሲኩ ያ ታቱ ምፔ ጀምቤ»። እንግዳ ሁለት ቀን ነው፣ በሦስተኛው ቀን ዶማ ስጠው። እኛ እንግዳን ከወርቅ ወደ ብር፣ ከብር ወደ ጨርቅ እናወርደዋለን እንጂ ዶማ አንሰጠውም! ደንግጬ ነበር። ተሰለቸሁ ማለት ነው ብዬ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ዶማው ከእንግድነት አውርዶ ቤተኛ ማድረጊያቸው ነው።

በቆሎ ኩትኮታ ላይ ግን እጄ ወዲያው ውሃ ቋጠረ። ያኔ ማማ «ምቡዚ አምጪ» አለችኝ። ይቺን ቃል አውቃታለሁ፤ ምቡዚ ፍየል ነው። ሄጄ ፍየሏን ፈትቼ ጎትቼ አመጣሁ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ለካ ኮኮናት መፋቂያዋም ምቡዚ ነው ስሟ።

ምቡዚ አጭር የእንጨት መቀመጫ ናት። አያትህ ጋ ቁርዓን የሚቀመጥበት ተጣጣፊ እንጨት አይተህ ይሆናል፤ እንደሱ ትዘረጋለች። ከጫፏ እንደ ምላስ የወጣ ብረት አላት፣ ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የወጣለት። እላይዋ ላይ ትቀመጣለህ። ኮኮናቱን በገጀራ ጀርባ መሀሉን እየመታህ ለሁለት ትሰነጥቀዋለህ፤ ውሃው ለሕፃናት ነው፣ እንዳትጠጣባቸው። ግማሹን በሁለት እጅህ ይዘህ ውስጡን በብረቱ ላይ እያዞርክ ትፍቃለህ። ነጩ እንደ በረዶ ሳህኑ ላይ ይወርዳል። ቡናማው ጋ ስትደርስ አቁም፤ ካለፍክ ወጡ ይጠቁራል። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ጨምረህ በእጅህ ትጨምቀዋለህ። የመጀመሪያው ወፍራሙ ነው፣ «ቱዪ» ይሉታል። እንደገና ውሃ ስታደርግበት ሁለተኛው ይቀጥናል። አቦልና ቶና በለው። ሩዙን የሚያበስሉት በቶናው ነው፤ አቦሉ መጨረሻ ላይ ይገባል።

በወር ውስጥ ለመድኩት። በሁለት ወር ፈጣን ሆንኩ። ጎረቤቶች ከሰዓት በኋላ እየጠሩኝ እፍቅላቸው ጀመር። ስዋሂሊ የተማርኩት እዚያች ምቡዚ ላይ ነው እንጂ ማንጎው ሥር አይደለም። አስተማሪዬ ይቅር ይበሉኝ። አፌ የተፈታው ስለ ባል፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲያወሩ እየሰማሁ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የቤት ለቤት ጉብኝትም በዚያው ተሟላ፤ ማንም «ልንጎበኝ መጣን» ሳይል።

አምስተኛው ወር ላይ የማማ ወንድም ሚስት ሞተች። ወንድሟ ሙስሊም ነው፤ አዎ፣ እነሱም ጋ አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም አለ፣ የወሎ ልጅ ሆነህ አትደነግጥም። ቀብሩ ፈጥኖ ተፈጸመ፣ ለቅሶው ግን ቀናት ይወስዳል፤ ማታንጋ ይሉታል። እኛ ቅሬ እንዳለን እነሱም ሰው ያዋጣል፣ እንጨት ያመጣል፣ ትልልቅ ድስት ይጣዳል። ጥግ ቆሜ ምን ላድርግ እያልኩ ስቁለጨለጭ አንዲት አሮጊት ጮክ ብለው «ኢትዮጵያዊቷን ጥሯት፣ እሷ ትፈቅፍቀው» አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ፋቅሁ። ስንት ኮኮናት እንደሆነ አላውቅም፤ ጠዋት ላይ ትከሻዬ አልነሳ ብሎ ነበር። ያን ሌሊት አንድም ቃል አላካፈልኩም። ከዚያ በኋላ ነው ግን «ሆዲ» ብዬ በር ላይ ስቆም ከውስጥ «ካሪቡ» የሚለው ድምፅ የተለየው።

ገንዘብ ብለሃል። ኤም-ፔሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረ ነገር ነው፤ እኔ ስሄድ ጎመን ሻጯ እንኳ በስልክ ነበር የምትቀበለው። ቴሌብር ገና አልነበረም፤ ወሎ ሆኜ ይሄን ብናገር ውሸታም ይሉኝ ነበር። ብሩ በሰዓቱ ይደርሳል ወይ ካልክ ግን ሁልጊዜ አይደርስም። የላከኝ ክፍል አንዴ ሁለት ወር ሙሉ ሳይልክልኝ ቀረ። ደወልኩ፣ «እየተነጋገርንበት ነው» ተባልኩ። ሁለቱን ወር የበላሁት የማማን ነው። አምስት ልጅ ያላት መበለት ናት። አንድ ቀን ተሸማቅቄ አልበላም ስላት «ዶማውን ተቀብለሻል አይደል?» ብላ ሳህኑን አስጠጋችልኝ። ልታገለግላቸው ትሄዳለህ፤ ብዙውን ቀን የምታገለግልህ እሷ ናት። ለዚህ ግን ማንም አያዘጋጅህም።

በጣም ረዘመ። ሥራ ልግባ፣ ሌላውን ማታ።

---

እናት ከወልድያ

ልጄ፣ እኔ የምጽፈው በእናት በኩል ነው። የኔም ልጅ ሕንድ አገር በአገልግሎት ላይ ነው፣ ሁለተኛ ዓመቱ። ሲደውል ሁልጊዜ «ደህና ነኝ እማ» ይለኛል። ደህና ሳይሆን ደህና ነኝ ሲል ድምፁ ይቀጥናል፤ አውቀዋለሁ። እሱ ግን አላውቅም ብሎ ያስባል። ለእናትህ እንደሱ አታድርግ። ራበኝ፣ ሰለቸኝ፣ ዛሬ ተጣላሁ በላት። ምንም ልታደርግልህ አትችልም፤ ግን አብራህ ትሰለች። የበላኸውን ምግብ ፎቶ ላክላት። የኔ ልጅ ተራራውንና ሕዝቡን ይልክልኛል፤ እኔ የማየው ከሸሚዙ ውስጥ ምን ያህል እንደከሳ ነው።

አባትህ «ወባ አለ ይባላል» ያለህን ደግሞ አትናቅ። ያ ብዙ ንግግር ነው።

---

ኮምቦልቻ ፋርማሲ ቤት

ስለ ወባው እኔ ልበል፣ ሥራዬ ስለሆነ። አባትህ ልክ ናቸው፤ የኬንያ ባሕር ዳር ወባ አለበት። የደሴ ልጅ ደግሞ ከፍታ ላይ ያደገ ነው፣ ሃረጎን ወርዶ እኛ ጋ ካልመጣ ወባን አያውቃትም። ሰውነትህ አልለመደውም ማለት ነው። አጎበር ውስጥ ተኛ፣ በየቀኑ፣ ሞቆህም ቢሆን። ስለ መከላከያ መድኃኒት ከመሄድህ ሳምንታት ቀደም ብለህ ሐኪም አማክር። ትኩሳት ከያዘህ «ድካም ነው፣ ፀሐይ ነው» አትበል፤ በዚያው ቀን ደምህን ተመርመር። ከተመለስክ በኋላም ጭምር። ደሴ ገብተህ ቢያተኩስህ ለሐኪሙ ከየት እንደመጣህ ንገረው፣ አለበለዚያ ብርድ ነው ብሎ ይሸኝሃል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድህንም ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጥ።

---

የጦሳ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናት ከወልድያ፣ ጽሑፍዎን ለእናቴ አነበብኩላት። ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ሐይቅ ዳር እህቴ፣ ያንቺን አራት ጊዜ አነበብኩት። አባቴም በትከሻዬ ላይ ሆኖ አንብቦ «ፍየሏን ጎተተቻት?» ብሎ ሳቀ። ከነገርኩት ጀምሮ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ቧንቧ ውሃው ያለውን ምን ትይዋለሽ? እኔ መልስ አጣሁለት። ሁለተኛ፣ ከቤት ምን ይዤ ልሂድ? ሻንጣው 23 ኪሎ ነው ብለውኛል።

---

ሐይቅ ዳር

ማታው ሦስት ማታ ሆነ፤ ይቅርታ። መብራት የለም ነበር።

ቧንቧ ውሃው ልክ ነው። ይሄን ለመካድ አልሞክርም። እኔ ስሄድ ወንጌል ወዳልደረሰበት አገር የምሄድ መስሎኝ ነበር፤ የሸኙኝም እንደዚያ ነው የጸለዩልኝ። ደርሼ ሳይ ራባይ ላይ ቤተ ክርስቲያን ከተተከለ 170 ዓመት አልፎታል። እንዲያውም ከነሱ ልማር የምችለው ብዙ ነበር፤ የእሑዱ አምልኮ አራት ሰዓት ይፈጃል፣ ሰው አይነሳም።

ስለዚያች ራባይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ቧንቧ ውሃው አንተም ስማኝ፣ የኛን አገር ይመለከታል። የድሮዋ ቤተ ክርስቲያን አሁን ሙዚየም ናት። የመጀመሪያውን ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1846 ያቋቋሙት ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊና ባልደረባው ሬብማን ናቸው። አስጎብኚው ከኢትዮጵያ ነኝ ስለው «እሱም ከናንተ ዘንድ ነው የመጣው» አለኝ። አላወቅሁም ነበር። በኋላ ፓስተራችን መጽሐፍ አዋሱኝና አነበብኩ።

ሰውየው ኬንያ ከመሄዱ በፊት አንኮበር፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ለጥቂት ዓመታት ተቀምጧል። በ1842፣ አሁንም በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በወሎ በኩል ወደ ጎንደር ተነሣ። አዳራ ቢሌ የሚባል የወሎ ባላባት ሲሄድ በደህና ተቀበለው። መንገዱ በጦርነት ስለተዘጋ ሲመለስ ግን ያዘውና ያለውን ሁሉ ገፈፈው። ባዶ እጁን፣ የኛን ባዶ ማለቴ ነው፣ ምጽዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሸዋ እንዳይመለስ ተከለከለ። ሚስቱ ምጽዋ አካባቢ በረሃ ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጅቷ ወዲያው ሞተች። ስሟን «እንባ» አላት። በአማርኛ። በ1844 ሞምባሳ ገቡ፤ እዚያም ሚስቱ በወለደች በቀናት ውስጥ በትኩሳት ሞተች፣ ሁለተኛዋም ሕፃን ተከተለቻት። መቃብሩ ባሕሩ ዳር ነው፤ ሄጄ አይቼዋለሁ። እሱ ያኔ ገና የ34 ዓመት ሰው ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ስዋሂሊን ተማረ፣ መዝገበ ቃላቱንም ሠራ፤ የታተመው እሱ በሞተ በዓመቱ ነው።

የሰውየውን ሥራ ሁሉ ልደግፍ አይደለም። የዘመኑ ሰው ነው፣ ስለኛ የጻፈው አንዳንዱ ደም ያፈላል። ግን «እንባ» የሚለውን ሳነብ መጽሐፉን አጠፍኩት። እንግዳ ተቀባይ ነን እያልን የምንኮራ ሰዎች እንግዳ ገፈን ሸኝተናል። እኔ ደግሞ እሱ የሄደበት አገር ሄጄ የመበለት ኡጋሊ እበላለሁ።

ለማማ ነገርኳት። ይሄን ሰው የኔ አገር ሰዎች ዘርፈውታል አልኳት። ስታስብ ቆየችና «እንግዲያው ዕዳ ልትከፍዪ ነዋ የመጣሽው» አለች። ቀጥላም ምቡዚዋን በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። ፍየሏን አይደለም።

እና ቧንቧ ውሃው፣ ለጥያቄህ ያለኝ መልስ ይኸው ነው፤ መልስ ከሆነ። ወሎ ሥራ የለም ብዬ አልሄድኩም። ተመልሼም እዚሁ ነው የምሠራው።

የጦሳ ልጅ፣ አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ፤ ሪፖርት ትጽፋለህ። በየሦስት ወሩ ቅጽ ይመጣል። «በዚህ ሩብ ዓመት ስንት ሰው ወደ ጌታ መጣ?» የሚል ሳጥን አለበት። የመጀመሪያውን ዓመት ዜሮ ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ላኪዎቼ ገንዘባቸውን የጣሉ ይመስላቸዋል ብዬ እፈራለሁ። አንድ ጊዜ ቁጥር ልጨምር ሁሉ አስቤ ነበር፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ። በኋላ ሳጥኑ ውስጥ «ባዶ» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። አዲስ አበባ ያለው ሰው በአማርኛ ያነበዋል ብዬ ነበር። እኔ የጻፍኩት በስዋሂሊ ነው። የሚገርመው ማንም አልተቆጣኝም፤ ቅጹን የሚያነበው ሰው እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

ሻንጣውን በተመለከተ። ልብስ ቀንስ፤ እዚያ ሙቀት ነው፣ የደሴ ጃኬትህን ለወንድምህ ተውለት። በርበሬና ሽሮ አንድ አንድ ኪሎ ይበቃሃል፤ በሶ ግን ጨመር አድርግ፣ ገንዘቡ ሲዘገይ ይደርስልሃል። ለሽማግሌዎች ሰላምታው «ሺካሞ» ነው፣ እሱን ከመሄድህ በፊት ልመድ። የሥራ ፈቃዱን ቤተ ክርስቲያኗ ቀድማ እንድትጨርስ ወጥረህ ያዝ፤ በጎብኚ ፈቃድ ሂድና እዚያ እናስተካክላለን ካሉህ እምቢ በል።

ቡና ውሰድ። ኬንያ ቡና ታመርታለች፣ ሰዉ ግን ሻይ ነው የሚጠጣው፣ ወተት በብዙ የገባበት። ሞምባሳ አሮጌው ከተማ ውስጥ በናስ ማንቆርቆሪያ፣ በትንንሽ ስኒ መራራ ቡና የሚሸጡ አሉ፤ ሲናፍቅህ ወርደህ ጠጣ። በመንደሩ ግን አንተ አፍላ። መጀመሪያ ሕፃናቱ በጭሱ ይመጣሉ፣ ከዚያ እናቶቻቸው። እኔ እስከ በረካ ድረስ ሳይነሡ እንዲቀመጡ ለማስለመድ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል።

ስለዚህ ጀበና ያስፈልግሃል። ሐይቅ ገበያ የሚሸጠው ጥሩ ነው፣ ትንሹን ምረጥ። አውሮፕላን ላይ እንዳይሰበር አንገቱን በካልሲ ጠቅልለው፣ ሆዱ ውስጥም ሁለት ካልሲ ወትፍበት። ካልሲዎቹ የት እንዳሉ አያትህን ጠይቃት።